ሰፈሩን አትቀያይሩ፦ ማህበራዊ ዲዛይንን በዩኒቨርሲቲ ስለማስተማር

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር አስተምራለሁ። ዘንድሮም ማህበራዊ ዲዛይን የሚባለው፣ ለማህበረሰብ ችግር ዲዛይን የሚሠራበት የስቱዲዮ ኮርስ እኔ ላይ ነው። ተማሪው 40፣ ጊዜው 16 ሳምንት፣ በጀት የለም። ባለፈው ጊዜ ተማሪዎቹን ከከተማው ዳር ወዳለ ሰፈር ወሰድኳቸው። መጠይቅ አስሞሉ፣ ፎቶ አነሱ፣ የጋራ ኩሽናና መጸዳጃ ዲዛይን አደረጉ። ሞዴሎቹ ያምሩ ነበር። በመጨረሻው ቀን አንዲት እናት ‹ታዲያ መቼ ነው የምትሰሩልን?› አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። ሰውን መለማመጃ ሳላደርግ እንዴት ላስተምር? ማርኩንስ በምን ልስጥ?»

መልስ፦ ጋሼ ካልሽኝ አንቺ ብዬ ልጻፍልሽ። አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። ርዕስ መምረጡን ተዪውና አንድ ሰፈር ምረጪ። ከዚያ ለዓመታት አትልቀቂው። ተማሪ ይለዋወጣል፣ ሴሚስተርም ያልቃል፤ ሰፈሩ ግን ያው ይሁን። ሌላው ሁሉ፣ የማርኩ ጉዳይም ጭምር፣ ከዚህ በኋላ ነው መስመር የሚይዘው።

የተለመደው ግን ተቃራኒው ነው። ዘንድሮ ኩሽና፣ ከርሞ የጎርፍ መውረጃ፣ ከዚያ ደግሞ የጎዳና ገበያ። በየዓመቱ አዲስ ርዕስ፣ አዲስ ሰፈር፣ አዲስ መጠይቅ። ተማሪው ፖርትፎሊዮውን ይዞ ይመረቃል። ነዋሪው ስንተኛውን መጠይቅ እንደሞላ እንኳን አያስታውስም። አንዳንድ አሮጌ ሰፈር ስትሄጂ ጥያቄሽን ሳትጨርሺ መልሱን የሚነግሩሽ ለዚህ ነው። ምን መስማት እንደምትፈልጊ ከአንቺ በፊት የመጡት አስተምረዋቸዋል።

ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያው ሳምንት ላይ ምን ላስተምር ካልሽ፣ የከሸፈ ሥራ አስተምሪ። የእኔ ምርጫ ፕሌይፓምፕ ነው። ደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ነው። ልጆች ላዩ ላይ ወጥተው የሚሽከረከሩበት መጫወቻ አለ አይደል? እሱ ከጉድጓድ ውሃ ይስባል። ልጆች ይጫወታሉ፣ ውሃው ወደ ታንከር ይወጣል፣ ታንከሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ የማስታወቂያው ገንዘብ ጥገናውን ይሸፍናል። ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም። በ2006 የአሜሪካ ቀዳማዊት እመቤት የነበሩት ሎራ ቡሽ የ16.4 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ይፋ አደረጉ። እስከ 2010 ድረስ 4,000 ፓምፕ ሊተከል ታቀደ። የአንዱ ዋጋ ወደ 14,000 ዶላር ነበር።

መጨረሻውን ወዲያው አትንገሪያቸው። ቁጥሮቹን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጻፊ፦ ለአንድ ፓምፕ 2,500 ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር፣ የፓምፑ አቅም በሰዓት 1,400 ሊትር። ያስሉት። ልጆቹ በቀን ወደ 27 ሰዓት መጫወት አለባቸው ማለት ነው! የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ይህን ስሌት ያወጣው ዓለም ካጨበጨበ በኋላ ነው። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነበር፤ የሚያሰላ ሰው ግን ጠፋ። በየቦታው መጫወቻውን ሲገፉ የተገኙት እናቶችና አሮጊቶች ናቸው። አንዳንድ ቦታማ ደህና ይሰራ የነበረ የእጅ ፓምፕ ተነቅሎ ነው ይኼ የተተከለው። ውሃ የሚቀዳው ማነው ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ነገሩ ገና ሲጀመር በቆመ ነበር። ተማሪዎችሽ ይህን በራሳቸው እጅ አስልተው ሲደርሱበት ከአስር ሌክቸር ይበልጣል።

ከማህበራዊ ዲዛይን ታሪክ የዲዛይን መምህሩንና ጸሐፊውን ቪክቶር ፓፓኔክን አትዝለይ፤ ግን አታምልኪውም። በ1960ዎቹ ከአንድ ተማሪው ጋር ከባዶ ጣሳ ሬዲዮ ሰራ። ባትሪ የለውም። ሰም ወይም ኩበት ሲነድ ከሙቀቱ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ያገኛል። በፓፓኔክ ስሌት ዋጋው 9 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሰዎች በጨርቅና በዛጎል እያስጌጡ የራሳቸው አደረጉት። እስከዚህ ግሩም ነው። ነገር ግን ሬዲዮው ጣቢያ መምረጫ የለውም፤ የታሰበው አንድ ጣቢያ ብቻ ለሚሰማበት አካባቢ ነው። ተማሪዎችሽን ጠይቂያቸው፦ በዚያች አንዲት ጣቢያ የሚናገረው ማነው? ክፍሉ ይታመሳል። ይታመስ።

አሁን ወደ ጊዜው። 16 ሳምንት ምን ሊሰራ ይችላል? ችግር ፈልጎ ለማግኘት ይበቃል፤ ችግር ለመፍታት አይበቃም። አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተወለደው ኢምብሬስ የተባለ የሕፃናት ማሞቂያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2007 የተማሪዎች ቡድን አንድ የቤት ሥራ ተሰጠው፦ ካለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሆን ርካሽ ማሞቂያ ሥሩ። በዚያን ጊዜ የሆስፒታሉ ማሞቂያ ሣጥን ወደ 20,000 ዶላር ያወጣ ነበር። ከቡድኑ ወደ ኔፓል የተጓዘ ተማሪ ካትማንዱ ሆስፒታል ሲደርስ ማሽኖች አሉ፤ የተወሰኑት ግን ባዶ ናቸው። ሕፃናቱ የሚሞቱት መብራት በሌለበት ገጠር ነው፤ ሆስፒታል አይደርሱም። ስለዚህ የማሽኑን ዋጋ መቀነሱ ጨርሶ የተሳሳተ ጥያቄ ሆነ። ከዚያ የመጣው የመኝታ ከረጢት የሚመስል፣ ሰም መሰል ነገር የያዘ ቦርሳ ከውስጡ ያለው፣ ሶኬት ላይ ሳይሰካ ለሰዓታት የሰውነት ሙቀት የሚጠብቅ ዕቃ ነው።

እኔ ግን ይበልጥ የምወደው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሕንድ ውስጥ ሲሞክሩት የሙቀት መጠኑን በቁጥር ያሳይ ነበር። አንዲት እናት ግን ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ሁልጊዜ ይበዛል ብላ ታምናለች። 37 አድርጊ ብትባል ለጥንቃቄ ብላ 30 ላይ ታደርገዋለች። ዲዛይነሮቹ ቁጥሩን አወጡት። በምትኩ «ደህና ነው» ወይም «ደህና አይደለም» የሚል ምልክት ብቻ አደረጉ። እንዲህ ያለ ነገር በመጠይቅ አይገኝም። ዕቃውን ይዘሽ ቁጭ ካልሽ ነው የሚገኘው። አስተውይ ደግሞ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ኮርሱ ካለቀ በኋላ ነው። ልጆቹ ተመርቀው ድርጅት አቋቁመው፣ አገር ቀይረው፣ ዓመታት ፈጅተው። ኮርሱ የሰጣቸው ትክክለኛውን ጥያቄ ብቻ ነው። ላንቺም ከአንድ ሴሚስተር ይህ ይበቃሻል።

ዓመታቱን ከተማሪው ትከሻ አውርዶ ራሱ የተሸከመ ትምህርት ቤት ደግሞ አለ። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ሩራል ስቱዲዮ ይባላል። የዩኒቨርሲቲው የአርክቴክቸር መምህራን ሳሙኤል ሞክቢና ዲ.ኬ. ሩት በ1993 የጀመሩት ነው። ቦታው ሄል ካውንቲ ነው፤ ድሃ የገጠር አካባቢ። ተማሪዎቹ እዚያው ይኖራሉ፣ ዲዛይን ያደርጋሉ፣ በእጃቸው ይገነባሉ። ሞክቢ በ2001 አረፈ። ሥራው አልቆመም፤ ቦታውንም አልቀየረም። እስካሁን ከ200 በላይ ሥራ ተሰርቷል። መንደርተኛው ተማሪው ቢቀየርም ስቱዲዮው የት እንዳለ ያውቃል። ጣሪያው ቢያፈስ ሄዶ ያንኳኳል። ተጠያቂነት ማለት ይኼው ነው፤ የሚንኳኳ በር መኖሩ።

በ2005 የጀመሩት የ20 ሺህ ዶላር ቤት ፕሮጀክት ላይ ተማሪዎችሽን አቆዪያቸው። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። በመንግስት የጡረታ ድጎማ ብቻ የሚኖር ሰው ወር በወር ሊከፍለው የሚችለውን የቤት ብድር አስልተው ነው ያመጡት። ከዚያ በየዓመቱ የሚመጣው ተማሪ ያለፈውን ዓመት ቤት ይረከባል። ያየዋል፣ ነዋሪውን ይጠይቃል፣ ያሻሽለዋል። «የራሴ ሀሳብ» የሚለው በሽታ እዚህ ቦታ የለውም። ይህ ለዲዛይን ተማሪ ትልቅ ሕመም ነው፤ እኛ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ኦሪጅናል ሁን እያልን ነው ያሳደግነው።

ቤቱ ጥሩ ሆነ። ችግሩ ግን ሌላ ቦታ ብቅ አለ። ባንክ እንዲህ ያለ ትንሽ የቤት ብድር መስጠት አይፈልግም፤ አያተርፈውም። የግንባታ ደንቡ፣ ኢንሹራንሱ፣ የኮንትራክተሩ ዋጋ ሁሉም እንቅፋት ሆነ። ስለዚህ ስቱዲዮው ከግድግዳና ከጣሪያ አልፎ ከባንክና ከደንብ አውጪ ጋር መነጋገር ጀመረ። በአንድ ሴሚስተር ማን እዚያ ይደርሳል? ከአስር ዓመት በላይ አንድ ጥያቄ ላይ ስለቆዩ ነው የደረሱት።

አሁን «ጋሼ፣ ይህ የአሜሪካ ገንዘብ ነው» ትይኛለሽ። እውነት ነው። ለመቆየቱ ግን አላባማ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የማህበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። እዚያው እየኖሩ አብረው ይሰራሉ። የቡድን ሥልጠና የሚባለው ይህ ነው። ጅማ ደግሞ በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲጀመር ትምህርቱን በሙሉ ማህበረሰብ ላይ መሠረተ። ተማሪው በተለያየ ጊዜ ወደ ማህበረሰቡ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ችግሩን ያጠናል፣ ቀጥሎ ያቅዳል፣ ከዚያ ይሠራል። የጤና ትምህርት ቤቶቻችን የዲዛይን ትምህርት ቤቶች ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚያወሩትን ነገር ከስንት ዓመት በፊት በደንብና በአበል ጭምር አደራጅተውታል። የሚገርመው የእኛ ሙያ ትምህርትም አገራችን ውስጥ የተጀመረው በዚያው በ1954፣ በኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ዩኒቨርሲቲሽ ውስጥ የጤና ኮሌጅ ካለ ነገ ጠዋት ሂጂ። ተማሪ ወደ የትኛው ቀበሌ እንደሚልኩ፣ ማን እንደሚቀበላቸው፣ ትራንስፖርቱን ከየት እንደሚያወጡ ጠይቂ። በጀት የለም ያልሽው ነገር ግማሹ እዚያ መልስ ያገኛል። መኪናው አስቀድሞ ይሄዳል፤ አንቺ የምትፈልጊው ወንበር ነው።

ሰፈር ስትመርጪ በእግር የሚደረስ ይሁን። የባጃጅ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰፈር በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል። አርባውን ተማሪ በአንድ ቀን አትልቀቂባቸው፤ ያ ወረራ ነው። ስምንት ስምንት አድርገሽ አፈራርቂያቸው። ተራው ያልደረሰው ደግሞ ሥራ አያጣም፦ የቆርቆሮ፣ የአጠና፣ የሞራሌ፣ የብሎኬት ዋጋ ይጠይቅ፣ ከአናጺና ከፎርማን ጋር ቁጭ ብሎ ያስላ። ዋጋ የማያውቅ ዲዛይነር ድሃ ሰፈር ውስጥ አደገኛ ነው።

በየት በኩል ልግባ ካልሽ፣ የትብብር ደብዳቤውን ለወረዳው አድርሺ፤ ግዴታ ነው። የምትነጋገሪው ግን ከዕድሩ ጋር ይሁን። ዕድር ሊቀመንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ስብሰባው ቀን አለው። እንደ ደንበኛ ካየሽው ከብዙ መሥሪያ ቤት የተሻለ የተደራጀ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የዕድር ስብሰባ ላይ በብዛት የሚናገሩት ወንዶችና ባለቤቶች ናቸው። ተከራዩ፣ ደባሉ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠዋ እዚያ የሉም፤ ወይም ጥግ ላይ ናቸው። የጋራ ኩሽናውን የምትጠቀመው ግን እሷ ናት። እሷን ለማግኘት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቂ፤ ቤት ለቤት ስለምትዞር የማታውቀው በር የለም።

ለመሆኑ የጋራ ኩሽና ዲዛይን ካደረጉት ተማሪዎችሽ ስንቶቹ እንጀራ ጋግረው ያውቃሉ? አትሳቂ፣ የምሬን ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ምርት ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ተራ ነገር ይመስላል። ከሦስት ጉልቻው ጋር ሲወዳደር ግን የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ቅርጹ የመጣው ከምጣዱ ስፋትና ከጋጋሪዋ አሠራር ነው። በየከተማው ያለ አነስተኛ አምራችም ሻጋታ ካለው ይሠራዋል። ተማሪዎችሽ ቆመው እንዲያዩ ብቻ ሳይሆን ማገዶ እየጨመሩ፣ ጭሱ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ አንድ ማለዳ ይጋግሩ። ከዚያ በኋላ የሚስሉት መስኮት ሌላ ቦታ ላይ ይሆናል።

ተቃራኒውን ለማሳየት ደግሞ ቅርብሽ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ውሰጃቸው። በየሳይቱ ኮሚናል የሚባል ቤት አለ። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ በግ ለማረጃ ተብሎ የታሰበ ነው። ሀሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ የአኗኗራችንን ባህል ያገናዘበ ነው። በብዙ ቦታ ግን ቢሮ ሆኗል፣ ተከራይቷል፣ ወይም ተቆልፏል። ለምን? ተማሪው ይጠይቅ። ቁልፉ ማን ጋ ነው? ምጣዱ የቆጠረውን መብራት ማን ይከፍላል? አራተኛ ፎቅ ያለችው ሴት ሊጡን ተሸክማ ትወርዳለች ወይ? መልሶቹ ከፕላኑ ላይ አይነበቡም።

አሁን ወደዚያች እናት ጥያቄ። «መቼ ነው የምትሰሩልን?» የሚለው በመጨረሻው ቀን ከመጣ፣ በመጀመሪያው ቀን ያልተነገረ ነገር ነበረ ማለት ነው። መግቢያው ላይ አንድ ገጽ ጻፉ፤ በሰፈሩ ቋንቋ፣ በዕድሩ ስብሰባ ላይ በድምፅ ይነበብ። ተማሪዎች ነን፣ አንገነባም፣ ይህን ይህን ትተንላችሁ እንሄዳለን፣ በዚህ ወር እንመለሳለን። የምትተዉት ነገር ደግሞ ለእናንተ ሳይሆን ለእነሱ የሚጠቅም ይሁን። የአርክቴክቸር ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት ለነዋሪው ሊሰጥ የሚችለው ነገር አለ፦ ልኬት። የቤቱን፣ የጋራ መጸዳጃውን፣ የጎርፍ መውረጃውን ልኬት በንጹሕ ሥዕል ለነዋሪው መስጠት። የቀበሌ ቤት ለማደስ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው፣ ወይም ዕድሩ መጸዳጃውን ለማስጠገን ዋጋ ሲያስጠይቅ፣ ያ ወረቀት ገንዘብ ነው። ባለፈው የሄዳችሁበትም ሰፈር ይህ ዕዳ አለባችሁ። ሥዕሎቹን አሳትመሽ ለዕድሩ ጸሐፊ አስረክቢ። እንዲያውም ቋሚው ሰፈርሽ እሱ ቢሆን ይሻላል፤ ትውውቁ ተጀምሯል፣ ወቀሳውም ተጀምሯል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። ፎቶ ያለፈቃድ አይነሳ፣ የልጆች ፎቶ ጭራሽ ፖስተር ላይ አይውጣ። ሰው ደግሞ ሥራ አስፈትታችሁ ስታናግሩ ቢያንስ ቡናና ስኳሩ ከእናንተ ይሁን።

ጁሪውን፣ ማለትም ተማሪው ሥራውን በገምጋሚዎች ፊት የሚያቀርብበትን ቀን፣ ካምፓስ ውስጥ አታድርጊው። ሰፈር ውስጥ፣ ዕድሩ ድንኳን ተክሎ ወይም አዳራሽ ካለ እዚያ ይሁን። ፕላንና ሴክሽን፣ ማለትም ቤቱን ከላይና ከጎን ተቆርጦ የሚያሳይ ሥዕል፣ ለሰው ሁሉ አይነበብም። ተማሪዎቹ ኖራና ገመድ ይዘው የኩሽናውን ትክክለኛ መጠን መሬት ላይ ያስምሩ። እናቶቹ ውስጡ ገብተው ይቁሙ። «እዚህ ጋ ምጣድ፣ እዚህ ጋ ውሃ» ብለው ሲንቀሳቀሱ፣ ሁለት ሳምንት የተለፋበት ሥዕል በአምስት ደቂቃ ይፈርሳል። ደስ ይበልሽ፤ ገና መሬት ላይ ነውና ማፍረሱ አያስከፍልም።

ማርኩስ? የመጨረሻው ሞዴል ውበት ከሦስት እጅ አንዱን እንኳን እንዳይዝ አድርጊ። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምሰጠው፦ ለመስክ ማስታወሻው 30፣ የተሰጠውን ጥያቄ ለቀየረበት ምክንያት 20፣ ለዲዛይኑ 30፣ ለርክክብ ፋይሉ 20። ሁለተኛው ላይ ተማሪዎች ይገረማሉ። ምሳሌ ልስጥሽ። ቦኖ ውሃ ላይ ረጅም ወረፋ አዩ እንበል። አብዛኛው ተማሪ ጥላ ዲዛይን ያደርጋል። አንዷ ግን ቁጭ ብላ ስትታዘብ ቦኖው የሚከፈተው አስተናጋጁ ሲኖር ብቻ መሆኑን ትደርስበታለች። ሰዓቱ ቢራዘም ወረፋው የለም። ምንም ሳትስል ይህን በማስረጃ ካሳየች፣ ኤ ይገባታል። ዲን ቢጠይቅሽ ማስታወሻዋን አሳዪው። የርክክብ ፋይሉ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ነው፦ ማንን አነጋገርን፣ ምን ቃል ገባን፣ ምን አልተሳካም። ያልተሳካውን የደበቀ ቡድን ከዚያ 20 ላይ ዜሮ ያግኝ።

ለዲፓርትመንት ኃላፊሽ የምታቀርቢው ነገር ከዚህ ሁሉ ትንሹ ነው፦ ከዕድሩ ጋር የሚፈረም የአምስት ዓመት አንድ ገጽ ስምምነት። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ለዩኒቨርሲቲው የማህበረሰብ አገልግሎት ሪፖርት ይሆናል፣ ላንቺም ለደረጃ ዕድገትሽ ይቆጠራል። አምስት ከበዛበት በሁለት ጀምሪ። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ሰፈር አትግቢ። ካምፓሱ ራሱ ሰፈር ነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ለተማሪ ካፌ እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች አሉ፣ በር ላይ ዝናብ የሚወርድባቸው ጥበቃዎች አሉ፣ ውሃ በባልዲ አራተኛ ፎቅ ዶርም የሚያወጡ የጽዳት ሠራተኞች አሉ። ተማሪዎችሽ አምስት ዓመት ስለሚቆዩ እነሱን ትተው መሄድ አይችሉም። የካፌውን የእንጀራ ቤት ኃላፊ አስፈቅጂና በመጪው ሴሚስተር ከዚያ ጀምሪ።